‹ምንም›ን የቆጠሩት ጋሽ መኩሪያ

የጋሽ መኩሪያን ሞት የነገሩኝ ጎረቤታቸው እትዬ ብርቄ ናቸው። ስልኩን አነሳሁና እንደ ልማዴ፣ «እትዬ፣ ምን ጠፋ? መብራት ነው ሰው?» ብዬ ቀለድኩ።

«ሰው» አሉኝ።

እሳቸውም የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። «የቱ ሰው?»

«መኩሪያ። ጠዋት ሬዲዮኑ ዝም ሲልብኝ ገብቼ ባየው፣ አልጋው ላይ እንደተኛ ነው። አርፏል።»

«እትዬ፣ በዚህስ አይቀለድም።»

«ቀልደኛው አንተ፤ እኔ መች ቀልጄ አውቃለሁ» አሉና ዘጉት።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደለጠፍኩ ደርቄ ቀረሁ። ፊት ለፊቴ ስልኩን ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ቆሟል። ፊቴን አየና፣ «ሙኬ፣ በቃ አይሠራም ማለት ነው?» አለኝ፤ የእሱን ስልክ መርዶ የሰማሁ መስሎት። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን ብዬ ሱቁን ዘጋሁ። ማታ'ኮ ሲጫወቱ አይቻቸዋለሁ። እንደ ልማዳቸው ቀዩን ፍሬ ትተው አረንጓዴውን እየለቀሙ ነበር።

ይሄ እንዲገባችሁ ስለራሴ ትንሽ ልናገር፤ ትንሽ ብቻ፣ እኔ መኩራራት አልወድም። ሙክታር እባላለሁ። ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ ሙኬን የማያውቅ ካለ ወይ እንግዳ ነው ወይ ስልክ የለውም። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፤ አንዱን ፈትቼ መልሼ ስገጥም ብሎን ተረፈኝ፣ ማሽኑ ግን ከድሮው ይበልጥ ፈጠነ። ከዚያ ወዲህ ያቆመኝ የለም። ትዳሬ አንድ ባትሪ የሚቆየውን ያህል ቆይቶ ሲያልቅ፣ የተረፈኝን ጊዜ ይዤ ቁጭ አልኩና «ለቀማ» የሚባል የስልክ ጨዋታ ሠራሁ። በጅማ ከእኔ በፊት ጌም የሠራ ካለ ይምጣና እንነጋገር።

ጨዋታው ቀላል ነው። ቀዩን የቡና ፍሬ ትለቅማለህ፣ አረንጓዴውን ትተዋለህ፣ የሽቦ አልጋ ላይ ታሰጣለህ፣ ዝናብ ሲመጣ ሮጠህ ትሸፍናለህ። ግን ጨዋታ ያለ ቆጣሪ ጨው የሌለው ወጥ ነው። ምን ያህል እንደለቀመ፣ ምን ያህል እንዳደረቀ የሚቆጥርለት ከሌለ ሰው ነገ አይመለስም። ቆጣሪው ሲሞላ ነው ማዕረግ የሚያገኘው፤ ከለቃሚ ወደ አድራቂ፣ ከአድራቂ ወደ አቅራቢ፣ ከዚያ ላኪ ሆኖ ይንጠባረራል። እኔ ደግሞ ቆጣሪ በጨመርኩ ቁጥር የጨዋታውን ሆድ ዕቃ መክፈት ሰለቸኝና ለብቻው አንድ ገጽ ሠራሁ። ሦስት ሳጥን ነው ያለው፦ የቆጣሪው ስም፣ በምን ይጨምራል፣ ሲሞላ ምን ይሆናል። ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ኮድ የሚባል ነገር ሳይነካ ቆጣሪ ያስገባበታል። ማሽን አይደለም፣ ጌጥ ነው።

እንግዲህ ይሄን ሥራ የሚይዝልኝ ሰው ፈለግሁና የሱቄ በር ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ «ቆጣሪ የሚያስገባ ሠራተኛ እንፈልጋለን።»

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ መጡ። ሰማያዊ ጋዋን፣ ወገባቸው ላይ የቆዳ ቀበቶ፣ ቀበቶው ላይ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ቴስተር ተሰክቷል። በጠራራ ፀሐይ እጃቸው ላይ ባትሪ አለ፤ የሚበራ።

«ቆጣሪ የምታስገባው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ሲንግል ፌዝ ነው ስሪ ፌዝ?»

ወላሂ ደነገጥኩ። ስንትና ስንት ቪዲዮ አይቼ ጌም ስሠራ እንዲህ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ግን እኔ አላውቅም የሚባለውን ቃል አፌ አልለመደውም።

«ሁለቱንም» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ሁለቱንም? ወፍጮ ልትተክል ነው እንዴ?» ብለው መልስ ሳይጠብቁ ወንበሬ ላይ ወጡና ግድግዳዬን በካቻቢቴ መታ መታ ያደርጉ ጀመር። ደንበኞቼ እየተሰበሰቡ ነው። እኔ አሁንም አልነቃሁም፤ ቃለ መጠይቁን እሳቸው የያዙት መስሎኛል። ግድግዳው ሊበሳ ሲል ነው ነገሩ የገባኝ።

«ጋሼ ይውረዱ፣ የመብራት አይደለም። የጨዋታ ቆጣሪ ነው።»

ወረዱ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ገጹን አሳየኝ አሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ባትሪያቸውን ስክሪኑ ላይ እያበሩ (የሚበራ ስክሪን ላይ ባትሪ ሲበራ ያን ቀን ነው ያየሁት) አነበቡት።

«የቆጣሪው ስም፣ በምን ይጨምራል፣ ሲሞላ ምን ይሆናል» አሉ። «ታዲያ ይሄ ምኑ ነው የመብራት ያልሆነው? ሲሞላ ቢል ይመጣል፣ በቃ።» በማግስቱ ያለ ፒንሳ መጡ። ባትሪዋ ግን አልቀረችም።

ጋሽ መኩሪያ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጅማን የመብራት ቆጣሪ ቤት ለቤት እየዞሩ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ቤተሰቦቻቸው ከሸዋ በሥራ ተዛውረው የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉትም ያረጁትም እዚሁ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ነው። ሚስታቸው ቀድመዋቸዋል፣ ልጅ የላቸውም። የትም ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ቀና ብለው ቆጣሪውን ያዩታል፣ ከዚያ ነው ሰው ሰላም የሚሉት። ለቅሶ ቤት ሳይቀር። እግራቸው ላይ ያለውን የውሻ ጠባሳ በባለቤቱ ስም ነው የሚጠሩት፤ «ይሄ የሐጂ ነው፣ ይሄ የፖስተኛው፣ ይቺ ደግሞ የቄሱ ናት፤ በጾም ነው የነከሰችኝ» ይላሉ። በሹክሹክታ መናገር አይችሉም፤ አጥር ሲጣሩ የኖረ ድምፅ ነው። የሱቄን በር የሚያንኳኩት ክፍት ሆኖም ነው። ሦስት ጊዜ ኳ ኳ ኳ፣ ከዚያ «ቤቶች፣ ቆጣሪ!»

ሲጫወቱ ደግሞ አያድርስ። በጨዋታው ውስጥ ከእሳቸው የባሰ ለቃሚ አልተፈጠረም። «ጋሼ፣ ቀዩን ነው'ኮ» ስላቸው፣ «አረንጓዴውም ነገ ይቀላል፣ ምን አስቸኮለህ» ይላሉ።

አንድ ቀን፣ ለረጅም ጊዜ ያልገባ ተጫዋች ቆጣሪው እየቀነሰ እንዲሄድ ልናደርግ ነው አልኳቸው። ሌሎች ጌሞች እንደዚህ ነው የሚያደርጉት፤ ሰው እንዳይቀርበት ብሎ ይመለሳል። ወንበራቸውን ገፍተው ተነሱ።

«ሙኬ፣ ቆጣሪ ወደ ኋላ አይሄድም። ወደ ኋላ የሚያዞረው ሌባ ነው። ሰውየው የለቀመውን ለቅሟል፤ ቢሞት እንኳ ለቅሟል።»

«ታዲያ የጠፋውን ሰው ምን እናድርገው?»

ተመልሰው ተቀመጡ። «እኔ ምን አደርግ እንደነበር ታውቃለህ? አምና እዚህ ላይ፣ ዘንድሮም እዚህ ላይ የቆመ ቆጣሪ ሳይ አንብቤ አልሄድም። አንኳኳለሁ። መብራት የማይበላ ቤት ወይ ሰው የለውም፣ ወይ ያለው ሰው ደህና አይደለም። እዚሁ ሄርማታ አንዲት እናት ጓዳ ወድቀው ያገኘኋቸው በቆጣሪ ነው። ዝም ያለ ቆጣሪ ይንኳኳል።» ከዚያ ገጹ ላይ ወዳለው ሁለተኛ ሳጥን ጠቆሙ። «እዚህ ‹በምን ይጨምራል› የሚለው ውስጥ ምን ምን አለ?»

«ሲለቅም፣ ሲያሰጣ፣ ሲሸጥ።»

«‹ምንም› የሚል ጨምርልኝ።»

«ምንም ማለት?»

«ሰውየው ምንም ሳያደርግ ሲቀር የሚጨምር ቆጣሪ።»

ያን ቀን የሳቅኩትን ሳቅ ሱቄ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ፋጡማ እስከዛሬ ታነሳዋለች። ቢሆንም ለቀልዱ ብዬ ጨመርኩላቸው። ገጹ ላይ ሲለቅም፣ ሲያሰጣ፣ ሲሸጥ፣ ምንም የሚል ተደረደረ። ጋሽ መኩሪያ በሁለት ጣታቸው እየተየቡ ቆጣሪያቸውን አስገቡ። ስሙ፦ ዝምታ። በምን ይጨምራል፦ ምንም። ሲሞላ ምን ይሆናል የሚለው ላይ ደግሞ፣ ሁለት ጀንበር ሙሉ ዝም ያለ ተጫዋች ሲኖር፣ በማግስቱ ጠዋት አብረውት ለሚጫወቱት ሁሉ «ቆጣሪው ዝም ብሏል፤ አንኳኩ» የሚል መልእክት እንዲሄድ። ዝም ላለው ሰውም አንዲት ቁልፍ ትመጣለታለች፤ ቁልፏ ላይ የተጻፈው «አለሁ» የሚል ነው። እሷን ሲጫን ዝምታው እንደ አዲስ ይጀምራል።

«ታዲያ ይሄስ ወደ ኋላ አልሄደም?» አልኳቸው ያዝኳቸው ብዬ።

«ዝምታ የሰረቀ አይታሰርም» አሉ።

እንደፈራሁት ተጫዋቾች ተነጫነጩ። አንዱ «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ምን አንኳኩ አንኳኩ ትሉኛላችሁ፣ ፖሊስ ናችሁ እንዴ» ብሎ ጻፈ። እኔም ቆጣሪውን ላነሳው ወሰንኩ። ይሄን ልነግራቸው ባሰብኩበት ጠዋት ጋሽ መኩሪያ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«ሀዊ ዝም ብላለች» አሉ።

«ሀዊ ማናት?»

«ሀዊ ደዶ። አብራኝ የምትጫወተው። የእሸት ቡና መፈልፈያ ውስጥ ነው የምትውለው፣ ጽፋልኛለች። አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም።»

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ሀዊ የምትባል ልጅ ዝም ካለች ወይ አግብታለች ወይ ካርድ ጨርሳለች። በዚህ ዕድሜዎ ደዶ ድረስ ሴት ፍለጋ ሄዱ ቢባል እኔ ምን እላለሁ?»

«ሄዷል በል» አሉ። «ትመጣለህ አትመጣም?»

«ልምጣ። ግን እንወራረድ። ልጅቷ ደህና ከሆነች ዛሬውኑ ‹ምንም›ን ከገጹ ላይ አነሳዋለሁ። እርስዎም ሁለተኛ አያነሱብኝም።»

እጃቸውን ዘረጉ። መታሁት።

ከጅማ ደዶ ድረስ በሚኒባስ፣ ከደዶ ከተማ ወዲያ በሞተር፣ ከዚያ በእግር። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አውልቆ ወስዶ መልሶ ሰጠኝ። መንገዱን ሙሉ አላሳረፍኳቸውም። «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይዘን ብንመጣ ይሻል ነበር፣ ጥሎሹስ?» እላለሁ። እሳቸው የመብራት እንጨቶቹን እያዩ ይሄዳሉ።

መፈልፈያው ለቀማ ሲደርስ ብቻ ነው ሥራ ያለው፤ በክረምት ዝግ ነው። የቆርቆሮ በሩ በሰንሰለት ተቆልፏል። ባዶዎቹ የቡና ማስጫ አልጋዎች በረድፍ ቆመዋል። ውስጥ አንድ ትልቅ ውሻ ይጮሃል፤ ድምፁ ግን ተስሏል፣ ብዙ የጮኸ ውሻ ነው።

«አዩዋት ሀዊን» አልኩ። «ባሏ ነው ይሄ የሚጮኸው።»

ጋሽ መኩሪያ ከውሻ ጋር ያላቸውን ታሪክ ነግሬያችኋለሁ። ግን በሩን ሦስት ጊዜ በዱላቸው መቱት። «ቤቶች፣ ቆጣሪ!»

ዝም።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ውርርዱን...»

«ዝም በል።»

ዝም አልኩ። ውሻውም፣ አላህ ይመስክር፣ ዝም አለ። ከዚያ ከዘበኛ ቤቷ በኩል ከመሬት ሥር የመጣ የሚመስል ቀጭን ድምፅ፦

«ጅራ... አን አሰን ጅራ።»

አለሁ፣ እዚህ ነኝ ማለት ነው። ጸጉሬ ቆመ። ጋሽ መኩሪያ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው ውሻውን አልፈው ሲሄዱ ነው የነቃሁት። ውሻው ኋላ ኋላቸው እየተከተለ ያሸታቸዋል እንጂ አልነካቸውም።

ሀዊ ልጅ አልነበረችም። ጢሙ የሸበተ፣ ትከሻው ሰፊ፣ የእኔ እኩያ የሚሆን ዘበኛ ነው፤ የውሃ ገንዳውን መሰላል ሲወጣ ተንሸራቶ ወድቆ ጭኑ ተሰብሯል። ስልኩ ገንዳው ውስጥ ነው ያለው። በክርኑ እየተጎተተ የዘበኛ ቤቷ ድረስ ደርሶ፣ ከዚያ ወዲያ አልቻለም። የቧንቧ ውሃ እየጠጣ ነው የቆየው። ቤተሰቡ ሥራ ላይ ነው ይላል፤ የመፈልፈያው ባለቤት ቤተሰቡ ጋ ሄዷል ይላል። ማንም አልፈለገውም።

ጋሽ መኩሪያ አጠገቡ ተንበርክከው በባትሪያቸው ፊቱን አዩት። «ሀዊ አንተ ነህ?»

«ሀዊ ልጄ ናት። እኔ አባ ሀዊ ነኝ» አለ ሰውየው፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። «ስሜን ስጽፍ ጨዋታው ረዘመ ብሎ ‹አባ›ን ቆረጠው። እርስዎስ ማነዎት?»

«መኩሪያ።»

ሰውየው በዚያ ሕመሙ ላይ ፈገግ አለ። «አረንጓዴ የሚለቅሙት?»

ሰፈርተኛው ተጠርቶ፣ ከማስጫ አልጋዎቹ አንዱን ነቅለን እሱ ላይ አስተኝተን ተሸከምነው። ቡና የሚሰጣበት ሽቦ ላይ ሰው ተኝቶ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። እኔ በአንድ በኩል ይዣለሁ። ጋሽ መኩሪያ ከፊት ከፊት እየሄዱ መንገደኛውን በዚያ ድምፃቸው ዞር በሉ ይላሉ። ስለ ውርርዱ ያን ቀን አላነሱትም። ከዚያም በኋላ አንድም ቀን አላነሱትም። ሐኪሙ ሌላ ቀን ቢያድር ኖሮ ሲል ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም፤ እኔም እንዲጨርሰው አልጠየቅኩትም። «ምንም» ገጹ ላይ እንዳለ ቀረ።

እንግዲህ ወደ ለቅሶው ልመለስ። ጋሽ መኩሪያን የቀበርናቸው በዚያው ባረፉበት ቀን ነው። ሰው ብዙ አልነበረም፤ ዕድርተኛው፣ የድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ እኔና የሄርማታ ሰዎች። እትዬ ብርቄ «ዘር የሌለው ሰው ቀብሩም ጭር ይላል» ብለው አለቀሱ። ለአባ ሀዊ ብደውል ደዶ ኔትወርክ የለም መሰለኝ፣ አልገባ አለኝ።

በሰልስቱ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ንፍሮ እየቆረጠምን እያለን ስልኬ ተንጫጫ። አውጥቼ አየሁት። «የመኩሪያ ቆጣሪ ዝም ብሏል፤ አንኳኩ» ይላል።

ካረፉ ሁለት ጀንበር ጠልቃለች'ኮ። ሞት በገጹ ላይ የለም። ሦስቱ ሳጥኖች ውስጥ ሞት የሚገባበት ቦታ አልሠራሁም። ማሽኑ እንደሚያውቀው ጋሽ መኩሪያ ምንም እያደረጉ አይደለም፤ በቃ። መልእክቱ አብረዋቸው ለሚጫወቱት ሁሉ ሄዷል ማለት ነው። ይሄን እያሰብኩ እያለሁ የግቢው በር ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ።

እትዬ ብርቄ ሄደው ከፈቱ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆሟል፤ ባጃጁን መንገድ ላይ ትቶ እየሮጠ ነው የመጣው። ድንኳኑን አየና እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«የማነው ለቅሶው?»

«የመኩሪያ። አንተ ማነህ ልጄ?»

«እኔ... ነብሮ ነኝ» አለ። «ቤታቸውን ነግረውኝ ነበር፤ ላንኳኳ ነው የመጣሁት።»

የዕድሩ ዳኛ ነብሮ የሚለውን ሰምተው አንገታቸውን አወጡ። ሳይረጋጉ ሌላ ተንኳኳ። ከአጋሮ የመጣች ሴት፣ ቲማቲም የያዘ ዘንቢሏን እንኳ አላስቀመጠችም። «የአጋሮ ንግሥት እባላለሁ» አለች። ዳኛው ብድግ አሉ፤ ንግሥት ስትመጣ ቁጭ ብሎ መቀበል ነውር ስለሆነ ይመስለኛል። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ድንኳኑን ሲያዩ ሁሉም አንድ ዓይነት ይደርቃሉ። እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ በለሆሳስ፣ «የጨዋታ ስምሽ ማነው?» ይባባላሉ፤ ከዚያ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ።

«መኩሪያ ይሄ ሁሉ ዘመድ ነበረው እንዴ?» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ንፍሮው አልበቃ ብሏቸው።

«ዘመድ አይደለንም» አለች አንዲት ቀጭን ልጅ፤ እዚሁ ጅማ ካምፓስ የምትማር የጎንደር ልጅ ናት። «እኔን ግን አንኳኩተውኛል። ፈተና ወድቄ፣ ቤተሰቦቼን ምን እላለሁ ብዬ ስልኬን አጥፍቼ ክፍሌ ተኛሁ። ሰው አልመጣም። አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳና ‹ቤቶች፣ ቆጣሪ› የሚል ድምፅ ሰማሁ። የግቢው ጥበቃ የመብራት ሠራተኛ መስለውት ነው ያስገባቸው። ዶርማችን በር ላይ ቆመው፣ ‹ሀና ዝም ብላብን ነው፣ አለች ወይ?› ብለው ጠየቁ። ከዚያ ባትሪያቸውን ኮሪደሩ ላይ አብርተው ቆጣሪውን አንብበው ሄዱ።»

ሰው ሳቀ፤ ለቅሶ ላይ እንደሚሳቀው። ነብሮም ተናገረ፣ ንግሥቲቱም ተናገረች። ሁሉም በር ላይ አንድ ቀን ያቺ ሰማያዊ ጋዋን ቆማለች። እኔ ይሄን አንዱንም አላውቅም። ከሱቄ ወጥተው ወዴት ይሄዳሉ ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ሽማግሌ ነው፣ ፀሐይ ሊሞቅ ነው ብያለሁ። ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ምን እንደሠራሁ ግን የሰማሁት ያን ዕለት ድንኳን ውስጥ ነው።

መጨረሻ ላይ የመጣው አባ ሀዊ ነው። በምርኩዝ። ከደዶ ጠዋት ተነስቶ ነው። ድንኳኑን አይቶ አልገባም፤ አለፈውና የጋሽ መኩሪያን የቤት በር በምርኩዙ ሦስት ጊዜ መታው። ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ተመልሶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ለቅሶው ካበቃ በኋላም ማሽኑ አላቆመም። በየሁለት ጀንበሩ «የመኩሪያ ቆጣሪ ዝም ብሏል፤ አንኳኩ» ይላል። ሰዎች ይደውሉልኛል፤ «ሙኬ፣ አንድ ነገር አድርገው፣ ልቤን አፈሰሰው» ይሉኛል። አንድ ቀን ላጠፋው ገጹን ከፍቼ፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ እያለ አባ ሀዊ ሱቄ ገባ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ቆጣሪያቸውን ልነቅለው ነው።»

«ሂን ታኡ» አለ። አይሆንም ማለቱ ነው። «ሆስፒታል ተኝቼ እያለሁ አጠገቤ ቁጭ ብለው ምን ይሉኝ እንደነበር ታውቃለህ? ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ቆጣሪውን ንቀልልን ይለኛል፤ እኔ ግን ቆጣሪ አይነቀልም፣ ስም ይዞራል እላቸዋለሁ ይሉኝ ነበር።»

«እሺ፣ ወደ ማን ላዙረው? ወደ አንተ?»

«እኔ የራሴ አለኝ። አንተስ የምትጫወተው በማን ስም ነው?»

«እኔ አልጫወትም። ወጥ ሠሪ የራሱን ወጥ አይበላም» ብዬ ሳቅኩ።

እሱ አልሳቀም። «ታዲያ አንተን ማን ያንኳኳል?»

«እኔን? ጅማ በሙሉ ያውቀኛል'ኮ።»

«የሚያውቅህ ሌላ» አለ፣ «የሚያንኳኳህ ሌላ።»

ለቀልድ የሚሆን ቃል ፈለግሁ። ሄርማታ ሙሉ ደንበኛ ያለኝ ሰው፣ ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ በሬን የሚመታ ማን እንደሆነ ላስብ ብሞክር አንድም ስም አልመጣልኝም። አባ ሀዊ ምርኩዙን ጠረጴዛዬ ላይ አጋድሞ ይጠብቀኛል። ስሙን ወደ ራሴ አዞርኩት። ከለቀሟቸው አረንጓዴ ፍሬዎች ጋር፣ ከነማዕረጋቸው። እናም የጨዋታው ፈጣሪ የሆንኩት እኔ ሙክታር፣ በራሴ ጨዋታ ውስጥ የመጨረሻው ለቃሚ ሆኜ ቀረሁ። ቆጣሪዬ ወደ ኋላ አይሄድም እንጂ ወደ ፊትም ቢሆን ብዙ አልሄደም።

በዚህ ክረምት ሰፈራችን ላይ ትራንስፎርመር ተቃጠለና መብራት ጠፋ። ስልኬ ሞተ። እኔም ጉንፋን ጣለኝና ሱቁን ሳልከፍት፣ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ። የስንት ሰው ስልክ ይጠብቀኛል እያልኩ፣ ትኩሳቴ እየወጣ እየወረደ፣ ቀኑ ይምሽ ይንጋ ጠፋብኝ። ፋጡማ እንኳ «ሙኬ አዲስ አበባ ሄዷል» ስትል ነበር አሉ፤ አንድ ቀን በፊት እሄዳለሁ ብዬ ስጎርር ሰምታኝ።

በሩ ተንኳኳ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ከአልጋዬ ላይ እንደተኛሁ ክው ብዬ ቀረሁ። ያንን አመታት አውቀዋለሁ። ሱቄ በር ላይ፣ ደዶ ላይ፣ በሰልስቱ ቀን ሰምቼዋለሁ። የሚመታው ሰው ግን መሬት ውስጥ ነው ያለው።

«ማነው?» አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

«ቤቶች» አለ፣ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ የሴት ድምፅ። «ቆጣሪ።»

ብርድ ልብሱን ገፍቼ ተነሳሁ። ግድግዳውን ይዤ፣ ጫማዬን ሳልፈልግ፣ ወደ በሩ እየሄድኩ፣

«አለሁ» አልኩ። «አለሁ፣ እዚህ ነኝ።»